ጆሮ ዳባ ልበስ

«ይቅርታ! ውሃ እንዲመጣልን ጠይቀን ነበር እኮ!»

የሊዲያ እናት ወይዘሮ ሜዴይሮስ እጇን ከፍ አድርጋ ተጣራች። የራቻና አባት ሳሪት ባዶ ሳህን ተሸክሞ ጠረጴዛቸውን ታክኮ አለፈ። ዞር ብሎም አላያቸው።

የምግብ ቤቱ ጥግ ላይ የሒሳብ መጽሐፏን ዘርግታ የተቀመጠችው ራቻና ፊቷ ጋለ። ሊዲያ የክፍል ጓደኛዋ ናት። ደግሞ ስትጎተጉታት የከረመችው ራሷ ራቻና ነበረች፤ «የአክስቴን ቤት ምግብ ሳትቀምሺ ሎዌል ውስጥ ኖርኩ እንዳትዪ» እያለች። ይኸው ዛሬ ቅዳሜ ሊዲያ እናቷንና ትንሽ ወንድሟን ዱአርቴን ይዛ መጣች። መጥተው ምን አገኙ? ትኩስ ሻይ ሲሉ በረዶ የተሞላ ሻይ፣ ሩዝ ሲሉ ሾርባ። ሲጣሩ ደግሞ ጆሮ ዳባ ልበስ።

ራቻና ተነስታ ውሃውን ራሷ ወሰደችላቸው።

«አባትሽ ጠልቶን ነው እንዴ?» አለች ሊዲያ፣ ቀልድ ለማስመሰል እየሞከረች።

«ኧረ በፍጹም! ቅዳሜ ስለሆነ ነው። ስራ ይበዛበታል።»

ስራ አልበዛበትም፤ ራቻና ታውቃለች። አባቷ ጉልበቱን የጨረሰው ብረት በሚቆርጡ ማሽኖች መሃል ነው። ፋብሪካው ሲዘጋ ታላቅ እህቱ ፋላ «ና፣ ከእኔ ጋር ስራ» ብላ የካምቦዲያ ምግብ ቤቷ ውስጥ አስተናጋጅ አደረገችው። ጆሮው ግን እዚያው ፋብሪካው ውስጥ ቀርቶ ነበር። ይህንን ማንም አያነሳውም። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤት ውስጥ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም አያነሱትም። ሰው ሲያናግረው ካልሰማ ፈገግ ይልና ራሱን ይነቀንቃል።

ቅድም ትእዛዝ ሲቀበልም ያው ነበር ያደረገው። ወይዘሮ ሜዴይሮስ ጎንበስ ብላ የዱአርቴን ጃኬት እያወለቀች፣ «ለልጁ የተጠበሰ ስጋ። አደራ፣ ኦቾሎኒ የሚባል ነገር እንዳይነካው፤ አይስማማውም» አለች። ራቻና ከተቀመጠችበት በደንብ ሰማች። አባቷም ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ሄዳ «ሰምተሃል አይደል?» ልትለው አሰበችና ተወችው። ሰው ፊት እንደዚያ ሲባል ፊቱ እንዴት እንደሚጠቁር ታውቃለች። ሰምቷል፣ ብላ ራሷን አሳመነች።

ምግቡን ያመጣችው ሌላዋ አስተናጋጅ ኩንቲያ ነበረች። ትኩሱን ስጋ ከነማባያው ዱአርቴ ፊት አስቀምጣ፣ ጉንጩን ቆንጠጥ አድርጋ ሄደች።

ብዙም አልቆየ።

«እማ፣ ምላሴን በላኝ» አለ ዱአርቴ።

ከዚያ ማሳል ጀመረ። ከንፈሩ አበጠ፣ ዓይኑ ዙሪያው ቀላ። አየር ሲስብ ደረቱ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ያወጣል። ወይዘሮ ሜዴይሮስ ቦርሳዋን መሬት ላይ ገልብጣ ለእንዲህ ያለ ጊዜ የምትይዘውን የአለርጂ መርፌ ፈልጋ አገኘችና ሱሪው ላይ እንዳለ ጭኑ ላይ ሰካችበት። «ተንፍስ የኔ ጌታ፣ ተንፍስ» ትላለች፣ እሷ ራሷ ትንፋሽ አጥሯት። ሊዲያ ስልኳን ይዛ የመንገዱን ስም ልትናገር ስትሞክር ድምፅዋ አልወጣ አለ፤ ፋላ ተቀብላ ተናገረችላት። ቤቱ ውስጥ ማንኪያ የሚያነሳ ሰው አልነበረም።

የአምቡላንሱ ሰዎች ልጁን አቅፈው ሲወጡ ወይዘሮ ሜዴይሮስ በሩ ላይ ዞረች። ጣቷን የቀሰረችው ሳህኑን ባመጣችው በኩንቲያ ላይ ነበር።

«ነግሬያችኋለሁ! እንደ ሰው ቆጥሮ የሚሰማ ጠፋ እንጂ ተናግሬያለሁ!»

ምግብ ቤቱ ባዶ ሲሆን ፋላ በሩን ዘጋችው።

«ኩንቲያ፣ ማባያው ውስጥ ኦቾሎኒ እንዳለ አታውቂም?»

«አውቃለሁ እትዬ ፋላ። ግን እንዳይገባ ያለኝ ሰው የለም። ቢነግሩኝማ በሎሚና በቁንዶ በርበሬ አቀርብለት ነበር። ትእዛዙን የተቀበሉት ጋሽ ሳሪት ናቸው።»

ፋላ ወደ ወንድሟ ዞራ ፊት ለፊቱ ቆመች። «ሳሪት፣ ሴትየዋ ስለ ኦቾሎኒ ነግራሃለች?»

ሳሪት ፎጣውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ።

«እኔ የሰማሁት ነገር የለም» አለ።

ቃሉ እውነት ነበር። ራቻና ግን በሕይወቷ እንደዚያ ያለ ውሸት ሰምታ አታውቅም።

«እንግዲያው ላንቺ ነው የነገረችሽ» አለች ፋላ። «ጣቷንም የቀሰረችው ባንቺ ላይ ነው።»

«እትዬ፣ በልጄ እምላለሁ…»

«የሰው ልጅ ሊሞት ነበር ኩንቲያ! እዚህ፣ በእኔ ቤት! በቃ፤ ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ።»

ወጥ ቤቱ በር ላይ የቆሙት አብሳዮች አንገታቸውን ደፉ። ኩንቲያ ሽርጧን ፈታች፤ አጣጥፋ ወንበር ላይ አኖረችው። ራቻና አፏን ከፈተች። አባቷ እያያት ነበር። መልሳ ዘጋችው።

ሰኞ ትምህርት ቤት ሊዲያን መጋፈጥ ነበረባት።

«ደህና ነው» አለች ሊዲያ ሳትጠየቅ። «አንድ ቀን ሆስፒታል አደረ። አሁንማ ኳስ ልጫወት እያለ ቤቱን እየበጠበጠው ነው። እማዬ ናት እስካሁን የምትንቀጠቀጠው። ራቻና፣ ሰው እንዴት እንደዛ ይሆናል? እንጣራለን፣ የሚያየን የለም። እንለምናለን፣ የሚሰማን የለም። እንደ ዕቃ ነው የቆጠራችሁን።»

«አስተናጋጇ ናት» አለች ራቻና። «አዲስ ናት። አክስቴ አባረረቻት።»

«ደግ አደረገች! ይበላት።» ሊዲያ ጥቂት አሰበች። «ግን የታዘዘን አባትሽ አልነበረም እንዴ?»

«እሷም እዛው ነበረች።»

ውሸቱ ሳይደናቀፍ ወጣ። ልምድ ያላት ይመስል ነበር። ይባስ ብሎ ሊዲያ ክንዷን ያዝ አድርጋ፣ «አንቺማ ምን አደረግሽ? ቢያንስ አንቺ ውሃ አምጥተሽልናል» አለቻት። ራቻና ደወሉ እስኪደወል ቀና ብላ ማየት አልቻለችም።

ማታ ቤት ስትገባ አባቷ ሳህኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ቴሌቪዥን ያያል። ድምፁ ደረጃው ድረስ ይሰማል። ሄዳ አጠፋችውና ፊቱ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ሴትየዋ ነግራሃለች። እኔ ሰምቻለሁ።»

«ምን አልሽ?»

«አሁንስ ሰምተኸኛል።»

ማንኪያውን አስቀመጠ። 

«የማይሰማ አስተናጋጅ ማን ያስጠጋል?» አለ። «አክስትሽ እህቴ ናት፤ ብታውቅ አታባርረኝም። ወጥ ቤት ውስጥ ድስት አጣቢ ታደርገኛለች፤ በሰው ሁሉ ፊት 'ምስኪን ሳሪት' ትለኛለች። እሱ ነው የሚገለኝ።»

«ኩንቲያስ?»

«ኩንቲያ ወጣት ናት። ሌላ ስራ አታጣም።»

«ልጁ ሞቶ ቢሆንስ?»

«አልሞተም!» ጮኸ። ሲጮህ ራሱን አይሰማም፤ ስለዚህ ድምፁ ከሚገባው በላይ ወጣ። ከጎረቤት ግድግዳው ተደበደበ። እሱንም አልሰማውም።

 አባቷ መዳፉን ጉልበቱ ላይ አሸት አሸት አደረገ።

«እናትሽ» አለ፣ አሁን ዝቅ ብሎ፣ «ሆስፒታል ውስጥ፣ የመጨረሻ ቀን፣ የሆነ ነገር አለችኝ። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። አልሰማሁም። ድገሚልኝ ማለት አፈርኩ፤ ደግሞ ደክሟታል። ፈገግ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁላት። ምን እንዳለችኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።»

ራቻና ልትጣላው ነበር የተዘጋጀችው፤ አንጀቷን በላት። ተነስታ አጠገቡ ተቀመጠች። ትከሻው ላይ ስትደገፍ ሸሚዙ የምግብ ቤቱን የተጠበሰ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል።

«አትንገሪብኝ ልጄ» አላት።

አባቷ ለምኗት አያውቅም። እሺም እንቢም ሳትለው ሳህኑን ይዛ ወደ ማጠቢያው ሄደች።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ምግብ ቤቱ ጭር ያለበት ሰዓት ነበር። ፋላ ጠረጴዛ ላይ የበሶብላ ቅጠል ትመለምላለች። ሳሪት መስኮቱ ጋ ጀርባውን ሰጥቶ ማንኪያና ሹካ ይወለውላል።

«አክስቴ፣ ቅዳሜ እለት ሴትየዋ ለአባዬ ነው የነገረችው። ኦቾሎኒ እንዳይነካው ብላ። እኔ እዛው ነበርኩ።»

ፋላ ከቅጠሉ ቀና አለች። «አልሰማሁም ብሏል እኮ።»

«አዎ፤ አልሰማም። አይሰማም አክስቴ።»

ፋላ መጀመሪያ ልትቆጣ ነበር፤ ግንባሯ ተቋጥሮ ነበር። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረች።

«ሳሪት!» ብላ ጠራች።

ሹካ አንስቶ ወደ ብርሃኑ አየው።

«ሳሪት!» ይሄኛው ጩኸት ነበር። አንዱ አብሳይ ከወጥ ቤት አንገቱን ብቅ አደረገ። ሳሪት ሹካውን አስቀምጦ ሌላ አነሳ።

ፋላ እጇ ላይ የነበረውን ቅጠል ለቀቀችው። «ወይ ወንድሜን» አለች በቀስታ። «እኔ እኮ ያኮረፈኝ ይመስለኝ ነበር። ስንቴ ተቀይሜዋለሁ…» በመሐረብ አፍንጫዋን ጠረገችና ስልኳን ሳበች። «ልጅቷን በሰው ፊት አዋረድኳት! አሁኑኑ ልደውልላት።»

«ቆይ አክስቴ። መጀመሪያ እኔ ሄጄ ልንገራት።»

«አንቺ ምን ቤት ነሽ? ይሄ የትልልቅ ሰው ጉዳይ ነው።»

«ስትባረር ዝም ብዬ አይቻለሁ።»

 ፋላ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ መለሰችው።

ራቻና ወደ መስኮቱ ሄዳ የአባቷን ትከሻ ነካች። ሲዞርላት ፊት ለፊት ቆመች።

«ለአክስቴ ነግሬያታለሁ» አለችው።

አባቷ ከንፈሯን አየ፤ ከዚያ አሻግሮ እህቱን አየ። ፋላ ከተቀመጠችበት ተነስታ ወደ እነሱ እየመጣች ነበር። ሳሪት የያዘውን ሹካ ከሌሎቹ ጎን አስተካክሎ አስቀመጠ። አልተቆጣም። በአንዴ ያረጀ መሰላት።

ኩንቲያ የምትኖረው ከድልድዩ ማዶ ባለ አሮጌ የእንጨት ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሩን የከፈተችው ልጇን በአንድ ክንዷ ታቅፋ ነው። ራቻናን ስታይ «ግቢ» አላለቻትም። ራቻና ደረጃው ላይ እንደቆመች ሁሉንም ነገረቻት። አንደበቷ ተሳሰረ፤ አንዳንዱን ሁለት ጊዜ ተናገረችው።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አለች ኩንቲያ።

«ያን ጊዜውኑ።»

«ሽርጤን ስፈታ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

ልጁ የእናቱን ፀጉር ጎተተ። ኩንቲያ ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቀች።

«እትዬ ፋላ ናቸው የላኩሽ?»

«አይ። አክስቴ ልትደውልልሽ ነበር፤ እኔ ነኝ ልሂድ ያልኩት።»

«እንዳይደውሉ። በስልክ አልመለስም። ሰው ፊት ነው ያባረሩኝ፤ ሰው ፊት ይጥሩኝ። እንዲህ ብላለች በያቸው።»

«እነግራታለሁ።»

ኩንቲያ ከላይ እስከ ታች አየቻት። ይቅር እንዳላት ወይም እንዳላላት ከፊቷ ማንበብ አልተቻለም። «ብርድ ነው፤ ልጁ ያስለዋል» አለችና በሩን ቀስ ብላ ዘጋች።

ራቻና ደረጃውን ወረደች። መንገዱ ዳር የተቆለለው በረዶ ከጭቃ ጋር ተቀላቅሎ ጠቁሯል። ወደ ቤቷ የሚወስደው አውቶቡስ ከሩቅ ብቅ አለ፤ ሾፌሩ ትሳፈር እንደሆነ ለማየት ፍጥነቱን ቀነሰ። የሊዲያ ቤት በዚያ በኩል አይደለም፤ ወንዙን ይዞ ወደ ላይ ነው፣ በእግር። ወይዘሮ ሜዴይሮስ አሁን ከስራ ገብታለች። በሩን የምትከፍተውም እሷ ልትሆን ትችላለች።

ራቻና ለሾፌሩ በእጇ «እለፍ» አለችው። የጃኬቷን ዚፕ እስከ አገጭዋ ዘግታ የወንዙን ዳር ይዛ መራመድ ጀመረች።