ግንዱን ያነሣው ማን ነው?

አቶ ባየህ ቅዳሜ ልጃቸው ዘንድ ከሰነበቱበት እረፍት ተመለሱ፤ እሑድ ጠዋት ከቤታቸው በታች ካለው ቦይ ውስጥ ሞተው ተገኙ። የሻንጣቸው ማንገቻ አንገታቸው ላይ ተጠምጥሟል።

በክረምት የፎገራዋ ቁሐር ሚካኤል መንገድ ከሩዙ ማሳ እኩል ውኃ ይለብሳል። በቦዩ ላይ የተጋደመውን መሻገሪያ ግንድ የሚያሳዩት ግራና ቀኝ የተተከሉ ዘንጎች ብቻ ናቸው። ዘንጎቹ እንደቆሙ ናቸው፤ ግንዱ ግን የለም።

«ጎርፍ ወስዶታል» አሉ ታናሽ ወንድማቸው አቶ እንግዳው።

ኢንስፔክተር አይናለም ሱሪዋን ሰብስባ ቦዩ ውስጥ ገባች። ውኃው የቆመ ነው፤ እንኳን ግንድ ገለባም አይነዳ። ፈልጋ ፈልጋ ግንዱን ቦዩ ዳር ከበቀለው ደንገል ሥር ተደብቆ አገኘችው።

መጨረሻ ያያቸው የባጃጅ ሾፌሩ አብዱልአሊም ነውና ወረታ ታስሯል። ቃሉን የተቀበለችው አይናለም ናት።

«ምን አወሩልህ?»

«ስለመጡበት አውሮፕላን ብቻ። ሲሄዱ እንደ ልጅ ደስ ብሏቸው ነበር። ሲመለሱ በረራው በደመና ተሰርዞ አዲስ አበባ ብቻቸውን ሰነበቱ። ባሕር ዳር ሊያርፉ ሲሉ በመስኮቱ ቤታቸውን ፈለጉ፤ ፎገራ ሁሉ ውኃ ሆኖ አጡት።»

«ማን ተቀበላቸው?»

«ማንም። እኔንም መናኸሪያ ያገኙኝ በአጋጣሚ ነው። ባጃጅ ውኃ አይገባም፤ አስፋልቱ ዳር አወረድኋቸው።»

ድሬዳዋ ያለችው ልጃቸው ገላነሽ በስልክ አለቀሰች። «የሐሙሱ በረራ ለቅዳሜ ተዛወረ። አባየ የደወለው ለአጎቴ ብቻ ነበር።»

ቦዩን ዞሮ የሚያልፈው የላይኛው መንገድ ነዋሪ እማማ እማዋይሽ ከሟቹ ጋር በድንበር ይጣሉ ነበር።

«ተጣልቻለሁ» አሉ። «የቤቱን ጭስ ሳጣ የሚከፋኝም እኔው ነኝ።»

«ሰሞኑን ምን አዩ?»

«ምን አያለሁ ልጄ! የእንግዳው ከብቶች ሐሙስ በደጄ አልፈው ጎመኔን ጨረሱት። አርብ ተገላገልሁ ስል ቅዳሜ ደግሞ መጡ።»

ከሰዓት በለቅሶው ድንኳን ሁሉም ተሰበሰቡ። አብዱልአሊምም በፖሊስ ታጅቦ መጣ።

«ግንዱን ያነሣው ሰው የመምጫውን ቀን ያውቃል» አለች አይናለም። «አብዱልአሊም አያውቅም፤ እማማም አያውቁም። አቶ እንግዳው፣ ከብቶችዎ የሚሻገሩት በግንዱ ነው። ሐሙስ ወንድምዎ ይመጣሉ ብለው ግንዱን አነሡ፤ ከብቶቹን በላይኛው መንገድ ነዱ። በረራው ሲሰረዝ ተደወለልዎ፤ ግንዱን መለሱት፣ አርብ ከብቶቹ በታች አለፉ። ቅዳሜ እንደገና አነሡት። ላሞችዎ እንዳይሰበሩ ተጠነቀቁ። ለወንድምዎ ግን ዘንጎቹን እንደቆሙ ተዉላቸው።»

ፖሊሱ የአብዱልአሊምን እጅ ፈታ።

«ሊሰናበተኝ ነበር የመጣው» አሉ እንግዳው ቀና ሳይሉ። «ቤቱን ዘግቶ ልጁ ዘንድ ሊገባ። ከሱ በቀር ማን አለኝ? እግሩ ቢሰበር ይቀርልኛል፣ አስታምመዋለሁ አልሁ። ሻንጣው አንገቱን ይዞ ውኃ ውስጥ እንደሚያስቀረው አላሰብሁም።»

«ሲወድቁስ?»

«እስኪጠራኝ ደጄ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት። አልጠራኝም።»