የተሸጋሸጉት ነጥቦች

የኒቆዲሞስ ቡጢ አገጩ ላይ ሲያርፍ ሲያድ ከነወንበሩ ወደ ኋላ ተንጋለለ። ምላሱን ነክሶ ኖሮ አፉ ውስጥ የደም ጣዕም ተሰማው። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ስለነበር በኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ማንም የለም።

«ፋይሉን ዝጋ አልኩህ» አለ ኒቆዲሞስ።

«አልዘጋም። አሥራ አንድ ቁጥር ቀይረሃል። ዋላሂ ቆጥሬዋለሁ።»

ሁለቱ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ተለያይተው አያውቁም። ዘንድሮ ዘጠነኛ ሲገቡ የሳይንስ ክበቡ ለውድድር አንዲት ኮከብ ሰጣቸው፤ ከፀሐይ በጣም ያነሰች፣ ከፀሐይም የቀዘቀዘች። እንዲህ ያሉ ኮከቦች አብዛኛው ብርሃናቸው ከቀይ ቀጥሎ ያለው፣ ዓይን የማያየው ብርሃን ነው። ባሕር ማዶ ያለ ቴሌስኮፕ ያንን ብርሃን እየለካ ቁጥሩን በነፃ ኢንተርኔት ላይ ይለቃል። የልጆቹ ሥራ ኮከቧ መቼ እንደምትደምቅ፣ መቼ እንደምትፈዝ ከቁጥሮቹ ማውጣት ነበር።

ኮከቧ ግን አስቸገረቻቸው። ሦስት ወር ሙሉ ቁጥሮቹን ነጥብ በነጥብ ቢያስቀምጡ ግራፉ ወለል ላይ የተበተነ ምስር መሰለ። ባለፈው ሳምንት ኒቆዲሞስ ሞገድ የመሰለ ያማረ ግራፍ ይዞ መጣ። «በየሁለት ቀኑ ትደምቃለች። ላይዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አለ፤ ስትዞር አብሮ ይዞራል» አለ። ሲያድ አቅፎት ዘለለ። ዛሬ ግን ግራፉን ከቴሌስኮፑ ቁጥሮች ጋር ሲያስተያይ አልገጥም አለው።

«ወርያ፣ ምን ነካህ?» አለ ከወለሉ እየተነሳ። «አላወቅንም ብንል ምን አለበት?»

«አላወቅንም ብሎ ያሸነፈ አለ? አቦ፣ ዳኞቹ ሰማይ ወጥተው አያዩ።» ኒቆዲሞስ ኮሌታውን ጨመደደውና ከግድግዳው ጋር አላተመው። «አንተ ደግሞ ምን ሠራህና ነው? አጠገቤ ተቀምጠህ ከማጨብጨብ ሌላ? ያለ እኔ ምንም ነህ።»

የሲያድ እጅ የብረቱን በርጩማ መቼ እንዳነሳ አያውቅም። ድምፁን ግን ሰማ፤ ደረቅ፣ አጭር ድምፅ ነበር። ኒቆዲሞስ ተንበረከከ። በጣቶቹ መሃል ደም እየተንዠቀዠቀ ኪቦርዱ ላይ ወረደ።

ሲያድ ሸሚዙን አውልቆ የኒቆዲሞስ ቅንድብ ላይ ተጫነው።

ጫጫታውን ሰምተው የክበቡ ኃላፊ መምህርት እፀገነት እየሮጡ መጡ። «ማነው እንዲህ ያደረገህ?»

«ተንሸራትቼ ነው፣ ቲቸር» አለ ኒቆዲሞስ። «የጠረጴዛው ጠርዝ መታኝ።»

ከሲያድ ጋር ሆነው በባጃጅ ወደ ክሊኒክ ወሰዱት። አምስት ቦታ ተሰፋ። ሐኪሙ፣ «አንድ ጣት ዝቅ ብሎ ቢሆን ዓይኑ ይጠፋ ነበር» አሉ። ሲያድ ወደ ውጭ ወጥቶ ግንቡ ሥር አስመለሰው።

ሲመለስ ኒቆዲሞስ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ግማሽ ፊቱ በፋሻ ተሸፍኗል።

«ስለ በርጩማው አልተናገርኩም» አለ ቀስ ብሎ። «አንተም ስለ ቁጥሮቹ አትናገርም። ሰኞ ውድድሩ ላይ አብረን እንቀርባለን፤ አለቀ።»

ሲያድ ፋሻውን ተመለከተ። አምና አንድ ልጅ ጓደኛውን በብረት መትቶ ከትምህርት ቤቱ ተባሯል። እሱም ቢባረር ለአባቱ ምን ብሎ ይነግራቸዋል? ዝም ቢል ሁሉም ነገር ይረሳል፤ የኒቆዲሞስ ቁስልም ይድናል። ግን የአንዱ ዝምታ የሌላውን ጥፋት ሊሸፍን ነው። ሰኞ ዳኞቹ ፊት ቆሞ ያንን ሞገድ በጣቱ ሲያሳይ ታየው።

መምህርት እፀገነት መድኃኒት ይዘው መጡ። «እንግዲህ ሰኞ ትችላላችሁ?» አሉ።

«ቲቸር፣ እሱ አልወደቀም» አለ ሲያድ። «በበርጩማ የመታሁት እኔ ነኝ።»

መምህርቷ የያዙትን መድኃኒት ወንበሩ ላይ አስቀመጡ። «ለምን?»

ሲያድ ወደ ኒቆዲሞስ ዞረ። ያልተሸፈነችው ዓይን ትለምነዋለች።

«የራሴን ተናግሬያለሁ» አለው ዝቅ ባለ ድምፅ። «የቀረውን አንተ ንገራቸው። ካልነገርካቸው ግን እኔ እነግራቸዋለሁ።»

አጠገቡ ተቀምጦ ጠበቀ።