ሁለት ሰዓት በአየር ላይ

አሰልጣኙ በማረፊያ ክፍሉ አልጋ ላይ በጎኑ እንደተኛ ሞቷል። ጆሮዎቹን በድምፅ መከላከያ ወትፏል፤ ፊቱ ቀልቷል። ሐኪሙ «ጭስ ነው የገደለው» ብሎ ሄደ።

መርማሪዋ ከጠዋት ጀምሮ ተበሳጭታለች። ሐይቁን ዞራ እዚህ የበረራ ትምህርት ቤት እስክትደርስ የመኪናዋ መስታወት በተጨፈለቀ ትንኝ ተለስኖ፣ መጥረጊያው ጭራሽ ለቀለቀው። አሁን ደግሞ የትምህርት ቤቱ ባለቤት ይጮህባታል።

«ምን ምርመራ ያስፈልገዋል? የክፍሉን የጋዝ ማሞቂያ የጠገነው መካኒኩ ነው! ገዳዩ እሱ ነው፤ ይውሰዱልኝ!»

ሽማግሌው መካኒክ እጁን በጨርቅ ማሸት አላቆመም። «ደህና አድርጌ ነው የጠገንኩት፣ ልጄ። ግን ማን ያምነኛል?»

መርማሪዋ ከማሞቂያው ተነስቶ በመስኮት የሚወጣውን የጋዝ ጎማ ተከትላ ወደ ውጭ ወጣች። ጫፉ ባዶ መሬት ላይ ተጋድሟል።

«ሲሊንደሩ የታለ?»

ባለቤቱ አንገቱን አከከ። «እኔ መኪና ውስጥ ነው። ጠዋት ከተማ ወስጄ ላስሞላው ብዬ... ረሳሁት።»

«ታዲያ ማሞቂያው በምን ነደደ? በእርስዎ ጩኸት?»

አሰልጣኙ ሌሊቱን ተማሪ ሲያበር አድሮ ጠዋት ነው የተኛው። ባለቤቱና መካኒኩ ከተማ ነበሩ። ግቢው ውስጥ የቀረችው በትምህርት ቤቱ ቢሮ የምትሠራው ወጣት አብራሪ ብቻ ናት።

«እኔ በአየር ላይ ነበርኩ፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ» አለች ግንባሯን ይዛ። «የሞተሩ ሰዓት ቆጣሪ ምስክሬ ነው። ሐይቁን ዳር ዳሩን፣ ዝቅ ብዬ ስበር ነበር።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን። አውሮፕላኑን በደሞዜ ፈንታ ነው የሚሰጡኝ፤ ነዳጁ ከኪሴ ነው። አየር መንገዱ የአብራሪ ቅጥር ምዝገባውን ዓርብ ይዘጋል። የበረራ ሰዓት ካልሞላህ ሥራ የለም፤ ሥራ ከሌለህ ሰዓቱ ከየት ይመጣል? አሰልጣኝ ልሁን ብል ወረፋ ነው። ሰብል ላይ መድኃኒት መርጨቱም፣ የማስታወቂያ ጨርቅ በአየር ላይ መጎተቱም ዘመድ ላለው ነው። ታክቶኛል!»

መርማሪዋ አውሮፕላኑ ወደሚቆምበት ሃንጋር ገባች። የማረፊያ ክፍሉ ሁለተኛ መስኮት የሚከፈተው ወደዚያው ነው። የአውሮፕላኑን ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ በመዳፏ ዳበሰችና ሦስቱንም ጠራቻቸው።

«ማሞቂያው አልነደደም። ከእሱ ሌላ እዚህ ጭስ የሚያወጣው ይህ ሞተር ብቻ ነው። ቆጣሪው እውነቱን ነው፤ ሁለት ሰዓት ሠርቷል። ግን እኔ ሐይቁን በመኪና ዞሬ መስታወቴ በትንኝ ተለበጠ። ሁለት ሰዓት ዝቅ ብሎ የበረረ ክንፍ እንዴት አንዲት ትንኝ አይነካውም? ይህ አውሮፕላን ዛሬ አልበረረም።»

«ቆሞ ሞተር ማስነሳት ምን ይጠቅማታል?» አለ ባለቤቱ።

«ቆጣሪው ይቆጥርላታላ! ቆሞ የሚያጉረመርም ሞተር ደግሞ ከሚበር ሞተር ጋር ሲተያይ ነዳጁን ይቀምሰዋል እንጂ አይጠጣውም። ሲመለሱ የሃንጋሩን የፊት በር እንዴት አገኙት?»

«ተዘግቶ።»

«ከመንገድ እንዳትታይ ነው። የአውሮፕላኑን አፍንጫ በጓሮ በር አወጣች፤ ፕሮፔለሩ ጭሱን ወደ ውስጥ፣ ወደዚያ ክፍት መስኮት ነዳው። ጆሮውን የወተፈ ሰው ምን ይሰማል? አንቺንም ራስሽን የሚፈልጥሽ ሐዘኑ ብቻ አይደለም።»

ወጣቷ መሬት ላይ ቁጭ አለች። «ቤቱ የሄደ መስሎኝ! እዚያ መተኛቱን ባውቅ... እሱ ነው እኮ መብረር ያስተማረኝ!»

መርማሪዋ ንዴቷ በማን ላይ እንደሆነ ጠፋባት፤ በልጅቷ ይሁን «የበረራ ሰዓት» እያለ በሚያንገላታት ዓለም አልለየላትም።

መካኒኩ ቀስ ብሎ ተጠጋ። «ልጄ፣ ገዳይ ስባል አጠገቤ ቆመሽ ነበር።»

«እናገር ነበር» አለች ቀና ሳትል። «ምዝገባው ይለፍ ብዬ ነው። ዓርብ ካለፈ በኋላ እናገር ነበር።»

«እኔስ» አላት ሽማግሌው፣ «እስከ ዓርብ የት ልቆይልሽ ነበር?»