አምስተኛዋ ቅጠል

የካሜራ ጠጋኙ ሬሳ የሥራ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሲገኝ፣ ፖሊሱ ነገሩን ለመቋጨት ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። በሩ ተቆልፏል፤ ሌላው ቁልፍ ያለው እህቱ ጋ ነው፤ እንግዲህ ገዳይዋ እህቱ ናት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ይችኑ ሐሳብ እንደ ያዘ እጇን በካቴና አስሮ መርማሪዋን ጠበቀ።

መርማሪዋ እንደ ገባች በሩን ገፋ አድርጋ ለቀቀችው። ቀጭ ብሎ ራሱ ተቆለፈ።

«ይህን ሞክረኸው ነበር?»

«ምኑን?»

«በሩን። የወጣ ሰው ሁሉ ቁልፍ ሳይነካ ይቆልፈዋል።»

ፖሊሱ በሩን እንደ ከዳተኛ አየው። መርማሪዋ ሊናደዱበት እንኳ የማይበቃ ሰው ሆኖ ስላገኘችው ወደ ጠረጴዛው አለፈች።

ጠጋኙ ማጅራቱን የተመታበት ከባድ የነሐስ ሌንስ አጠገቡ ወድቋል። ከፊቱ የአሮጌ ትልቅ ካሜራ ሸተር ተፈታትቶ ተቀምጧል። ሸተር ብርሃን የሚያስገባውና የሚዘጋው ክፍል ሲሆን፣ የሚዘጋውም ቅጠል በሚባሉ አምስት ስስ ብረቶች ነው። እዚህ ያሉት አራት ናቸው።

«ይህችን ለመለዋወጫ ብሎ ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ገዛት» አለች እህቱ። «ሲያጥባት ግን ጤነኛ ሆና ተገኘች። ከዚያ ወዲያ ‹ጤነኛዋን ገድዬ በሽተኛውን አላድንም› አለ።»

«በሽተኛው የማን ነው?»

«የፎቶ ቤቱ ባለቤት። አንዷ ቅጠል ከተሰበረችበት አራት ዓመቷ ነው። የሚሠራት ፋብሪካ የተዘጋው እኔ ሳልወለድ ነው፤ ወንድሜ ያላጠያየቀበት አገር የለም።»

«ቅጠሎቹን ምን ይቀባቸው ነበር?»

«ምንም! በቤንዚን አጥቦ ማድረቅ ነው። አንድ ቀን የስፌት መኪናዬን ዘይት ይዤ ብገባ ከነጠርሙሴ አስወጣኝ።»

ቀጥሎ አሮጌ ካሜራ ሰብሳቢው ገባ። ዓይኑ ሟቹ የነበረበትን ወንበር ዘሎ ሸተሯ ላይ አረፈ።

«ምነው እንዲህ ፈታቷት!»

«ሰውየውስ?»

«እሱማ... ነፍስ ይማር። ትናንት ጠዋት እንኳ ሙሉዋን ሽጥልኝ ብዬ ለምኜው ነበር። ማን ነው ያረዳት?»

የፎቶ ቤቱ ባለቤት ደግሞ ደረቱን እየደቃ ከደጅ ጀምሮ ነው የመጣው። «ወንድሜ! ትናንት ቀትር ላይ ሸተሬን ጠግኖ ሲሰጠኝ ደህና አልነበረም? ነገ ቅዳሜ በአያቴ ካሜራ የከተማውን ታላላቅ ሰዎች ሳነሳ ሳያይ!»

«ሸተሩን ያምጡልኝ እስቲ» አለችው መርማሪዋ። እየተንጎራደደ ሄዶ አመጣላት። ዓይኗን አቅርባ ፈታችው፤ መልሳም ገጠመችው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም በዚያችው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው» አለች ፖሊሱን። «የሴትየዋን እጅ ፍታ። ገዳዩ አንዲት ቅጠል ብቻ ነው የወሰደው። ሰብሳቢው ቢሆን ሙሉዋን በመሀረብ ጠቅልሎ ይሄዳል፤ ለሰው ባያዝን ለብረት ያዝናል።»

ሰብሳቢው እንደተመሰገነ ራሱን ነቀነቀ።

«ለእህቱም ቅጠል ምን ያደርግላታል? የሚቀረው፣ ቅጠል የቸገረው ሰው ነው።»

«ሟቹ ራሱ ነው የጠገነልኝ!» አለ የፎቶ ቤቱ ባለቤት።

መርማሪዋ ሸተሩን ወደ መስኮቱ አንስታ ተጫነችው። እየለገመ ተከፈተ፤ ሲዘጋም ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ጣቷን አስነክታ አሳየቻቸው፤ ያብረቀርቃል።

«ታዲያ ብረት ያለ ዘይት ይሠራል እንዴ?» ሲል ሰውየው ቀደማት። «ደርቃ ነበር እኮ፣ ጠብ ባደርግባት...»



«ጨርሰው እንጂ» አለች። አንቱታውን እዚያው ጣለችው። «ዘይቱ ከላይ የተንጠባጠበ አይደለም፤ ከቅጠሎቹ ሥር፣ ሲገጠሙ የተቀባ ነው። ጠጋኙ ይህን አያደርግም። ቅጠሏን የገጠምካት አንተ ነህ፤ ያገኘሃትም ከዚህ ጠረጴዛ ነው፤ እሱ በሕይወት እያለ ደግሞ አይሰጥህም። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል።»

«ታገሰኝ ብቻ ነው የሚለው!» ብሎ ጮኸ። «አራት ዓመት! ትናንትም ‹እስከ ሰኞ ታገሰኝ› አለኝ። ሰው ሁሉ ጠርቼ ቅዳሜ በምን ፊቴ ልቁም?»

«ፊት ኖሮህ ነው?»

እህቱ ካቴናው ያቆሰለውን እጇን እያሻሸች ቀና አለች።

«ሰኞ ያለህ እውነቱን ነው» አለችው። «የአንድ ጠጋኝ ሚስት፣ ባሏ ሲሞትባት የተረፈውን ቅጠል ከባሕር ማዶ ልካለታለች። ቅጠሏ ሰኞ ፖስታ ቤት ትደርሳለች። ሲሰጥህ ደስታህን ማየት ፈልጎ ነው ያልነገረህ።»

የፎቶ ቤቱ ባለቤት ካቴናው እጁ ላይ ሲገባ እንኳ ልብ አላለም፤ ሌላ ነገር ያስባል።

«ቅጠሏ የኔ ሸተር ልክ ናት?» ብሎ ጠየቃት።

ፖሊሱ ሳይቀር አፈረለት።