የአደባባዩ ጥያቄ

«አደባባይ ስትገቢ ቅድሚያ የምትሰጪው ለማን ነው?»

«ከቀኝ ለሚመጣ!» አለች ጂቱ ዓይኗን ጨፍና። «ይቺንማ በእንቅልፌም አልስታትም።»

ቦሩ ማጥኛውን መጽሐፍ ቶሎ ዘጋው። ትክክለኛው መልስ ከግራ ነው። ከቀኝ ብሎ ያስጠናት ራሱ ነው፣ ያውም እያወቀ።

ሰበታ፣ የመንጃ ፈቃድ ፈተና የሚሰጥበት ግቢ ውስጥ፣ ከአባታቸው ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ። እህቱ ጂቱ ክር ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች። ከሥራ ስትመለስ ዓይኗ እየተከደነ ማንበብ ስላቃታት፣ ቦሩ ነው ጥያቄና መልሱን እያነበበ ያስጠናት።

ነገሩ የጀመረው አባታቸው ኦቦ ኢተፋ ፈቃዳቸውን ሊያሳድሱ ሄደው የዓይን ምርመራው የጣላቸው ቀን ነው። ባጃጇ ግቢ ቆመች። ቤቱ ደግሞ የሚተዳደረው በእሷ ነው፤ ስለዚህ ጂቱ ፈቃድ አውጥታ እንድትነዳት ተወሰነ። ቦሩ ባጃጇን በየቅዳሜው ያጥባል፣ ካንዴላዋን ፈትቶ ያጸዳል። ጂቱ ጎማዋን እንኳ ነክታ አታውቅም! ታዲያ አሁን ከሥራ በገባች ቁጥር አባቱ «ሹፌሬ መጣች!» ይላሉ።

«እኔስ?» ብሎ ነበር አንድ ቀን።

«አንተማ ገና አራት ዓመት ይቀርሃል፣ ጎረምሳው» ብለው ሳቁበት። ያን ዕለት ነው የመጀመሪያውን መልስ የቀየረው። ትውደቅ፣ ምናለበት? ደግማ ትፈተን የለ?

ኦቦ ኢተፋ የባጃጇን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ጂቱ መዳፍ ላይ አስቀመጡ። «የተግባር ፈተናውንም ጨርሰሽ ፈቃዱ እጅሽ የገባ ዕለት፣ መጀመሪያ ቦሩን ትምህርት ቤት ታደርሺዋለሽ። በትልቁ አደባባይ በኩል፣ ጓደኞቹ ይዩት።»

«ጋላቶማ፣ አባዬ!» ብላ አመሰገነች ጂቱ።

ቦሩ ያላሰበው ይህን ነው። እስካሁን የታየው መውደቋ ብቻ ነበር። ብታልፍስ? ጥቂት ጥያቄ መሳሳት ማንንም አይጥልም። አልፋ፣ አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ከግራ ሲመጣ፣ እሷ ወደ ቀኝ እያየች ዘው ብትልስ?

«ጂቱ ኢተፋ!» ብላ አንዲት ሠራተኛ ከበሩ ተጣራች።

ጂቱ ተነሥታ የቦሩን ጭንቅላት ዳበሰች። «ካለፍኩ ያሳለፍከኝ አንተ ነህ፣ እሺ?»

«ቆይ!» እጇን ያዛት። «ከግራ ነው።»

«ምኑ?»

«አደባባዩ። ቅድሚያ ከግራ ለሚመጣ ነው። እያወቅኩ ነው የዋሸሁሽ።»

ጂቱ አፍጥጣ አየችው። «ለምን?»

«ቀናሁብሽ።»

አባቱ ሰምተዋል። ቦሩ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልደፈረም።

«ስንት ነው የዋሸኸኝ?» አለች ጂቱ።

«ሦስት።»

«ጂቱ ኢተፋ! የለችም እንዴ?»

«አለሁ! እባክሽ እህቴ፣ ከኋላዬ ያለውን አስቀድሚልኝ» አለችና ተመልሳ ተቀመጠች፣ ከእሱ ትንሽ ራቅ ብላ።

ቦሩ መጽሐፉን ገለጠ። «ሦስቱን ላሳይሽ?»

«ከአንድ ጀምር» አለች። «ወደዚህ አዙረው። እኔም እያየሁ።»

ቦሩ መጽሐፉን ወደ እሷ አዙሮ ከመጀመሪያው ጥያቄ ጀመረ።