ጥሩሰው የጻፈባቸው ካርቶኖች

“እትዬ ምሥራቅ፣ የትኛውን ልግጠም?”

የልጄ ሸሪክ ቢተው ይህን ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል።

የምነግራችሁ በዓይኔ ያየሁትን ነው። ቅዳሜ ነበር፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ደብረ ማርቆስ፣ የልጄ የጥሩሰው ጋራዥ...

መጀመሪያ ግን የዛሬ ሁለት ዓመቱን ልንገራችሁ።

ጥሩሰው መኪናውን ለማፍጠን ሁለት ካምሻፍት አስመጣ። የሞተሩን ቫልቭ የሚከፍት ዘንግ ነው። አንዱ ለሞተሩ ልክ ነበር። ሌላው ቫልቩን አብዝቶ ስለሚገፋ፣ ሞተሩ ሲፈጥን ከፒስተኑ ያጋጨዋል። ልጄ የቱ ልክ፣ የቱ አደገኛ እንደሆነ በየካርቶኑ ላይ ጽፎ ደብረ ኤልያስ ለቅሶ ሄደ።

ሸሪኩ ቢተው ካርቶኖቹን ይዞ ቤቴ መጣ። ማንበብ እንደማልችል ያውቃል።

አፈርኩ። በጣቴ አንዱን ጠቆምኩ። ቢተው እሱኑ ገጠመ፤ ልጄም ከለቅሶ ተመልሶ መኪናውን ነዳ።

የአማኑኤል መንገድ ላይ ሞተሩ በሩጫ ድርቅ አለ። የልጄን አስከሬን አመጡልኝ።

ቢተው ለቅሶ ቤት ተቀምጦ፣ “እናቱ ናት የመረጠችው” አለ።

እሱ ግን ማንበብ ይችል ነበር።

የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። ሁለት ዓመት ተማርኩ... ለአንድ ካርቶን ብዬ።

ያን ቅዳሜ ቢተው የልጄን መኪና ለራሱ ሲያድስ ደረስኩ። ሁለቱ ካርቶኖች ጠረጴዛው ላይ ነበሩ።

“ተማሪዋ መጡ!” ሳቀ። “እስቲ ያንብቡልኝ። የትኛውን ልግጠም?”

ያኔ የጠቆምኩትን አነሳሁ። ዘንጉ ከሞተሩ ጋር ተሰባብሯል፤ ካርቶኑ ባዶ መሆን ነበረበት።

ግን እጄ ላይ ከበደኝ፤ ውስጡ ዘንግ አለ።

የልጄ ጽሑፍ ነው። “ይህ ዘንግ ሰው ይገድላል። ተመላሽ ይደረግ።”

ቀለሙ ጣቴን ነካው... እርጥብ ነበር።

ቢተው ነጠቀኝና ያንኑ ጽሑፍ ጮክ ብሎ አነበበ።

“ለሞተሩ ልክ ነው። ጥሩሰው።”

ደግሜ አየሁ። እንደዚያ አይልም።

ልነግረው አፌን ከፈትኩ። የሰው ልጅ ነው፤ እናት አለችው።

ከኋላዬ የሞተር ዘይት ሸተተኝ።

“እማዬ...”

አልዞርኩም።

“ዝም በይ” አለኝ የልጄ ድምፅ።

“ምነው ደነገጡ?” አለ ቢተው። “ተሳሳትኩ እንዴ?”

“አንተ የተማርከው ታውቃለህ” አልኩት።

ገጠመው። እኔም ቁጭ ብዬ አየሁት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሞተሩ ተነሳ። በመስኮት እጁን አውለብልቦልኝ ወደ አማኑኤል ነዳ።

ድምፁ ራቀ... ራቀ... በአንድ ጊዜ ተቋረጠ።

ያኔ ዞርኩ።

አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶኝ ጠረጴዛው ጋ ቆሟል። እጁን በጨርቅ ቀስ ብሎ ይጠርጋል።

ቢተው ሄደ። ልጄ ቀረ።