ወደ አንገት የወጣው ጥለት

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ከሰው መሃል ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ። ጥላ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ የሚለኝን ሁሉ «ምን ጠጥተህ ነበር?» እያልኩ ነው የኖርኩት፣ ስለዚህ ይህን የምነግርህ እያፈርኩ መሆኑን እወቅልኝ።

ጉለሌ፣ ቀጨኔ ነው የምኖረው፣ ሸማኔ ነኝ። ኮምፒውተር ያስተማረኝ ሰው የለም፣ ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ፣ እየተሳሳትኩ ራሴን አስተማርኩ። ኤክሴል ሴል በሚባሉ ትንንሽ ሳጥኖች የተሞላ ገጽ ነው፣ ለእኔ አንዱ ሴል እንደ አንድ ክር ነው፣ አንድ በአንድ በእጅ ከማቅለም ይልቅ ፓይተን በሚባለው ቋንቋ ትእዛዝ እጽፋለሁ፣ «ከዚህ ረድፍ እስከዚህ ቀይ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ» እለዋለሁ፣ ልብሱ ሲለበስ የሚኖረው መልክ ሳልሸምነው ይታየኛል። ለሰነፍ የሚሆን ነገር አይደለም፣ አንድ ቁጥር ከሳትክ ያዋርድሃል።

ያን እሑድ የያዝኩት የልጄን የሕይወትን የሠርግ ነጠላ ነበር። እሑድ እኛ ቤት የሽመና ዕቃ አይነካም፣ እኔ ግን ላፕቶፕ መንካት ሥራ አይደለም ብዬ ራሴን አሳምኜ ከቅዳሴ መልስ ቁጭ አልኩ። ጥለቱ ከታች፣ በመጨረሻዎቹ ረድፎች ላይ እንዲወጣ አዘዝኩ። ፋይሉን ስከፍተው ጥለቱ ከላይ ነው።

ታውቃለህ መቼም፣ የነጠላን ጥለት ወደ አንገቱ አዙሮ የሚለብስ ሐዘን ላይ ያለ ሰው ነው።

የረድፉን ቁጥር አየሁት፣ ልክ ነው። አጥፍቼ እንደገና ሞከርኩ፣ ከላይ። ቀለም ቀየርኩ፣ ከላይ። በዚያው ትእዛዝ ለደንበኛ የሠራሁትን የድሮ ጥለት ሳስኬድ፣ እመነኝ፣ አርፎ ከታች ወጣ። የሚገለበጠው የልጄ ብቻ ነው።

እጮኛዋ ዮናስ በዋዜማው ላፕቶፑን ተውሶኝ ነበር። ከመጀመሪያውም ሳቅ የሚያበዛ ሰው አልወድም፣ ምሳ ሊበላ መጥቶ ስለነበር እሱንም ልጄንም ጠራኋቸው።

«ዮናስ፣ ፋይሌን ነካክተሃል?»

«ኧረ ጋሼ! እኔ ፊልም ነው ያየሁበት።»

«በሁዳዴ ፊልም?»

«አባዬ፣ እሱ እኮ ኤክሴል መክፈትም አይችልም» አለች ሕይወት። «ከፈለግክ ጸበል እንርጭበት።»

«በሠርግሽ ቀልድ የለም! ይህን ያደረገ ሰው ልጄን አያገባም።»

የዮናስ ሳቅ ቆመ። «ጋሼ፣ መስቀል ይዤ እምላለሁ…» ሲል ከጓዳ አንድ ድምፅ መጣ። ኳ። መጀመሪያ ከእንጦጦ የሚወርደው ንፋስ ቆርቆሮውን የመታው መሰለኝ። ቆይቶ ደግሞ፣ ኳ። የገዛ የሽመና ዕቃዬን ድምፅ አላጣውም። ባለቤቴ ማኅበር ሄዳለች፣ ልጄ አጠገቤ ናት፣ የዮናስ ሁለቱም እጆች ጉልበቱ ላይ ናቸው፣ ዕቃው ያለበት ጓዳ ቁልፍ ደግሞ ኪሴ ውስጥ ነው።

ከፍቼ ገባሁ። ማንም የለም። ቅዳሜ መደርደሪያ ላይ ያስቀመጥኩት፣ ማጉን በድሩ መሃል የማመላልስበት መወርወሪያ ወርዶ በተወጠረው ነጭ ድር ላይ ተቀምጧል። አነሳሁት። ሞቅ ይላል፣ ልክ ሰው ይዞት እንደቆየ።

ዮናስን ይቅርታ ጠየቅሁት፣ ሳያጣሩ ሰውን መክሰስ ነውር ነው፣ ለልጆቼም ያስተማርኩት ይህንኑ ነው። ጥርጣሬው ግን ከእሱ ላይ ቢነሳም የሚያርፍበት አጥቶ እኔው ዘንድ ቀረ። ነጠላውን ላፕቶፑን ሳልከፍት፣ ከልቤ ሸመንኩት፣ ጥለቱን በእጄ እየዳሰስኩ ጨረስኩ፣ ሻንጣ ውስጥ ቆለፍኩበት።

ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ነው። ትናንት ዮናስ ባለበት ሕይወት «አባዬ፣ እስቲ ልልበሰው» አለችኝ፣ አወጣሁላት። እየሳቀች ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችው፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ።

«ኧረ አዙሪው!» ብዬ ጮህኩ።

«ምኑን?» አለች መስታወቱን እያየች። «ጥለቱ ታች ነው እኮ፣ አባዬ።»

ዞሬ ዮናስን አየሁት። ያ ሁሌ የሚስቀው ልጅ፣ ዓይኑን አንገቷ ላይ ካለው ጥለት አልነቀለም።